ጯሂዎቹና የእግዜር እንግዳ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ግን እንደኛ ዘመዶች አንድ ጥማድ መሬት ይዞ ደመና የሚለማመጥ ገበሬ እንዳይመስልሽ። ማሽላው ከገደሉ አፍ ተነስቶ ወንዙን ይነካል። ነፋስ በአንደኛው ዳር ሲገባ ሌላኛው ዳር ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ትርንጎ። «ሰውነቴ የራሱ ጠባቂ አለው ካሉ፣ ጠባቂው ምን ሲሠራ ነው ኤች አይ ቪ የሚያሸንፈው? ደግሞስ ምንም ሳያመኝ መድኃኒት የምውጠው ለምንድን ነው?» ነው ያልሽኝ። የመድኃኒቱን ብልቃጥም ሳትከፍቺው ነጠላሽ ውስጥ ጠቅልለሽ እንደያዝሽው አያለሁ። መልሱ እዚህ ሰውዬ ማሳ ላይ ስላለ ነው እሱን ያነሳሁልሽ።

ማሳው ሰፊ ሲሆን ጠላቱም በዚያው ልክ ነው። ከላይ ግሪሳ ወፍ አለ፣ ከገደሉ ዝንጀሮ ይወጣል፣ ከወንዙ ከርከሮ ይመጣል፣ ከመሬት ሥር ጃርት ይቆፍራል፣ ከመንገድ ደግሞ ሌባ አይጠፋም። ስለዚህ ገበሬው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሳደረ።

አንደኞቹ ጯሂዎች ናቸው። ማማ ላይ ወጥተው ይውላሉ። ዱላ የላቸውም፣ ድንጋይም አይወረውሩም፤ ሥራቸው ማየትና መጥራት ነው። «እሪ» ብሎ አገር ማስደንገጥማ ማንም ይችላል። እነሱ ግን የመጣውን በስሙ፣ በመልኩና በመምጫው ነው የሚጠሩት። «ከርከሮ በወንዙ በኩል፣ እናቲቱ ከፊት፣ ግልገሎቿ ከኋላ» ይላል አንዱ። የሚቀጥለው ማማ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ሌላው፤ ጥሪው ማሳውን ሲዞር አንድ ቃል አይጎድልበትም።

ሁለተኞቹ ዱላ ያዦች ናቸው። ክንዳቸው እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ነው፤ ከመቱ የተመታው ዳግመኛ አይመጣም። እነሱ ላይ ግን ሕግ ነበረባቸው፤ ጯሂ ሳይጠራ ዱላ አይነሳም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። አንድ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው ወጥተው፣ በማሽላው መሐል አቋርጦ ለሰርግ ይመጣ የነበረውን የገበሬውን አማች ከርከሮ መስሏቸው ቀጥቅጠውት፣ ሰውዬው ሰርጉን የታደመው በቃሬዛ ነው። ሙሽሮቹን የመረቀውም ተጋድሞ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ዓይን ያለው ይጥራ፣ ክንድ ያለው ተጠርቶ ይምታ፤ ዘመድ እንዳትጨርሱብኝ» አላቸው። መልካም ሕግ ነው። ሳይጠራ የሚማታ ጠባቂ ከሌባ ይብሳል።

የጯሂዎቹ ጎጆ ደግሞ መንገዱ ዳር ነው። መንገደኛ መጀመሪያ የሚያገኘው የእነሱን ደጅ ስለሆነ እንግዳ መቀበሉም በእነሱ ላይ ወደቀ። በዚያ አገር ወግ፣ መንገደኛ በር ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ፣ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። አንዴ ጨው ከቀመሰ ደግሞ ጣራው ሥር እስካለ ድረስ ባለቤቱ አይጮህበትም፤ ነውር ነው። የጯሂዎቹ ጎጆዎች በር ላይ፣ በር የሚቀረቀርበት የእንጨት መወርወሪያ እንኳ አልነበረም። መወርወሪያ ያለው በር ገና ከሩቁ እንግዳን ሰድቦ የሚመልስ በር ነው ይባል ነበር።

ይህን ወግ አንድ ሌባ ሰማ።

ሌባው ማሽላ የሚሰርቅ ሌባ አልነበረም። ማሽላ የሚሰርቀው ነዶውን ተሸክሞ ሲሮጥ ይያዛል። ይሄኛው የሚሰርቀው ቤት ነው። ቀይ ጥለት ያለው ኩታ ለብሶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የአንዱ ጯሂ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ።»

ገባ። በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ተኛ። በማግስቱ ወንድሙ መጣ። ከወንድሙ ኋላ የአጎቱ ልጅ፣ ከአጎቱ ልጅ ኋላ የአክስቱ ልጅ፤ ሁሉም አንድ መልክ፣ ሁሉም ያንኑ ቀይ ጥለት። በጯሂው ምድጃ ይጋገርላቸዋል፣ ከጯሂው ጎታ ይዘገንላቸዋል። ጯሂው ለማን ይጩህ? ጨው ያቀመሳቸው ራሱ ነው። ጎታው ሲሟጠጥ፣ መደቡም ሲያዝበት፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ እንዳለ ደርቆ ሞተ። እንግዶቹ አመዱን ትተውለት ወጡና ተበተኑ። እያንዳንዳቸውም የየጎረቤቱ ጯሂ ደጅ ላይ ቆሙ። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

ልብ በይ፣ ከማሳው ሁሉ የመረጠው የጠሪዎቹን ቤት ነው። ዱላ ያዦቹ ቤት ቢሄድ ያን ዕለት ራሱን ይዞ አይመለስም ነበር። ክፉ ነው፤ ሞኝ ግን አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተነቃበት። እንግዳ ያልደረሰባቸው ጯሂዎች ገና ብዙ ነበሩና ከማማቸው ላይ አዩ። «ቀይ ጥለት የለበሰ በላተኛ፣ በመንገዱ በኩል» ብለው ጠሩ። ጥሪው ማማ ለማማ ዞረ። ዱላ ያዦቹም ወጡ፤ መውጣት ስልሽ፣ ያበደ ወንዝ እንደሚወጣው ነው። ቀይ ጥለት ያዩበትን ሁሉ ከየጎጆው እየጎተቱ ወቀጡት። ማሳው ያን ሰሞን ትኩሳት እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ገበሬው እንቅልፍ አጣ፣ እህል አልወርድለት አለ፣ አጥንቱ ሁሉ ተቆረጣጠመ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሁካታ?» አለች ሚስቱ።

«ጉንፋን ነው። ማሳም ጉንፋን ይይዘዋል» አላት።

እንዳለውም አለፈ። ጸጥ አለ። ገበሬው ደስ ብሎት ሙክት አረደና ዱላ ያዦቹን ጋበዘ። አለቃቸው ጎድን እየጋጠ ቀና አለና፣ «ጌታው፣ ብዙውን ጨርሰነዋል። ሁሉንም ጨርሰናል ብዬ ግን አልምልም» አለ።

«አንተ ደግሞ ሥጋዬን እየበላህ ታሟርትብኛለህ» አለው ገበሬው። ሌሎቹ ሳቁ።

አለቃው ልክ ነበር። የተረፉት ሌቦች ኩታቸውን ቀየሩ። ቀይ ጥለት ያስገድላላ፣ ታዲያ ጥቁር ጥለት ለበሱ። ዱላ ያዦቹ «ቀይ ጥለት» ሲሉ ጥቁሩ በአጠገባቸው «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ያልፋል። ጥቁሩን ለይተው እስኪያውቁት ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። ከሁሉ የባሰው ግን አንዱ ነው። ይሄኛው የአንድ ጯሂ ጎጆ ቆጥ ላይ ወጣና ከእንቅቡና ከአሮጌው ቁርበት ኋላ ተኛ። አይበላም፣ አይወርድም፣ አያንኮራፋም። የማይበላ ሌባ ማን ይፈልገዋል?

ዓመታት አለፉ። የገበሬው ማሽላ ያምራል፣ ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሆዱም ገፋ ገፋ ብሏል። ገበያ ሲወጣ ሰው ሁሉ፣ «ምነው እንዲህ አማረብህ» ይለዋል። እሱም ያምናል። በየጥጉ አንዳንድ ጯሂ እንደሚሞት ግን ይሰማ ነበር። ሲነግሩት፣ «ጯሂ ሞተ? ሌላ ጯሂ አምጡ» ይላል። አዲሱ ሰው ይመጣና እዚያው ጎጆ፣ እዚያው መወርወሪያ የሌለው በር ውስጥ ይገባል። ቤቱ ሲሟሟቅ፣ ጎታው ሲሞላ፣ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይመጣል። ገበሬው ጯሂ የቀጠረ ይመስለዋል፤ ለሌባው ግን ቤት እየሠራለት ነው።

በኋላ በኋላ የሚሞተው ከሚቀጠረው በለጠ። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው ሚስቱ ናት።

«አንተ፣ ጥሪው ሳስቷል» አለችው አንድ ጠዋት።

«የሚጠራ ነገር ስለሌለ ነዋ። ሰላም ነው።»

«ሰላምና ዝምታ አንድ ነው?»

«ሴትዮ፣ ሲጮሁ ጆሮዬን በሉት ትያለሽ፣ ዝም ሲሉ ለምን ዝም አሉ ትያለሽ። ምን ይሻልሻል?»

ሴትየዋ ወደ ጓዳዋ ገባች። ነገሩን ግን አልተወችውም።

ዱላ ያዦቹስ? እነሱ አልሞቱም። እንዲያውም ያን ሰሞን ከወትሮው በዝተው ነበር። ግን ድብድባቸው አያልቅም። ዛሬ በወንዙ በኩል ይጠራሉ፣ ሲደርሱ ሌባው ኩታ ቀይሯል። ነገ በገደሉ በኩል ይጠራሉ፤ ጯሂው ገና «በላተኛ» ብሎ መልኩን ሳይናገር ድምፁ ይቆረጣል። ማንን ይምቱ? ዱላቸውን አንስተው ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። ሰው እረፍት ካጣ ክንዱ ይደነዝዛል። እያደር ዱላውን ይዘውት እንደቆሙ የሚያፈጡ ሆኑ። አለቃው ወደ ገበሬው መጥቶ፣ «ጌታው፣ ዱላ መያዝ ሌላ፣ መምታት ሌላ ነው። ልጆቹ ይይዛሉ፤ አይመቱም» አለው።

«ሌላ ዱላ እሰጣችኋለሁ፣ የወይራ» አለ ገበሬው።

«ዱላ አልጠየቅንህም።»

ገበሬው ግን የወይራ ዱላ አስቆረጠላቸው። ልበ ድፍን ሰው ሲቸግረው ያለውን ይጨምራል እንጂ የጎደለውን አይፈልግም።

ማሽላው ሊታጨድ በደረሰበት ወራት፣ አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ገበሬው ማሳውን ሊያይ ወጣ። አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ማሽላው መሐል ገብታለች። አገዳውን በደረቷ እየሰበረች ዛላውን ትቆረጥማለች፤ ግልገሎቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ይጫወታሉ። ድሮ ከርከሮ ማለት ሴት ወጥ እያማሰለች በጭብጨባ የምታባርራት ነገር ናት። ከእርሷ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ዱላ ያዦቹ አዲስ የወይራ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ያዩአታል።

ገበሬው ዓይኑን አላመነም። «አታዩም እንዴ?»

«እናያለን» አለ አለቃው።

«ታዲያ አትመቷትም?»

«ማን ጠራን?»

ገበሬው ቀና ብሎ ማማዎቹን አየ። ባዶ ናቸው። አንደኛው ማማ ላይ ግሪሳ ወፍ ሰፍሮ ጎጆውን ይሠራል። ያቺን ከርከሮ ተከትሎ ጃርቱ፣ ጃርቱን ተከትሎ ዝንጀሮው፣ ዝንጀሮውን ተከትሎ ሻጋታው መጣ። የጎተራውን ሥር ቆፈሩት፣ እሸቱን ዘረገፉት። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ማሳ መሐል ለክረምት የሚያቆየው ቁና ማሽላ ሊያጣ ሆነ። ልጆቹ ይራባሉ፤ እሱም የሰው ደጅ ሊጠና ነው። ደግሞ እዪ፣ ማሽላውን የበላው ሌባው አይደለም። ሌባው አንድ ዛላ አልቆረጠም። እሱ ጠሪውን ገደለ፤ ማሽላውን የበላው ትናንት በጭብጨባ ይባረር የነበረው ሁሉ ነው።

ሚስቱ ያን ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ማንንም ሳታስከትል በጯሂዎቹ ጎጆዎች ዞረች። አንዱ በር በነፋስ ይንገጫገጫል፤ ውስጡ አመድ ብቻ ነው። ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ጎጆ ደረሰች፤ ጯሂው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ከውስጥ የሚጎርስና የሚሳሳቅ ሰው ድምፅ ይሰማል። አጮልቃ አየች። በየዓይነቱ ጥለት የለበሱ ሰዎች ገበታ ከበዋል።

«ለምን አትጠራም?» አለችው ጯሂውን።

«እሜቴ፣ ጨው አቅምሻቸዋለሁ።»

«እየገደሉህ እኮ ነው።»

«ወጉ ነዋ፣ ምን ላድርግ» አላት።

ቤቷ ተመልሳ ባሏ ፊት ቆመች። «ሰው አልጎደለህም» አለችው። «ዱላም አልጎደለህም። የጎደለህ መወርወሪያ ነው።»

ገበሬው ደነገጠ። «በአባቴ ዘመን ያልተዘጋ በር እኔ ልዝጋ? ሰው ምን ይለኛል? ስሜ ይጠፋል።»

«ስምህን የሚጠራ መች ተረፈና ነው የሚጠፋው?» አለችው።

ሰውዬው ብዙ አሰበ። ከርከሮዋ ከማሰቡ ይልቅ እየፈጠነችበት ስለሄደች ግን ተነሳ። ከወይራው ዱላ ላይ መወርወሪያ አስጠረበ። የየጎጆውን በር መቃን አስበስቶ መወርወሪያው ከውጭ የሚገባበትን ቀዳዳ አበጀ። ጯሂዎቹ ራሳቸው እንደማይዘጉት አውቋል፤ ያደጉበት ነውር እጃቸውን ያስረዋል። የሚዘጋው ባለማሳው ነው። ሌባውም የሚመጣው «መሸብኝ» ብሎ ስለሆነ፣ በቀን ይህ ቃል ስለማይሠራ፣ መዘጋት ያለበት በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

የመጀመሪያው ዕለት አንዱን በር ሊወረውር ሲል አንድ ኩታ ለባሽ ከኋላው ቆመ።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው» የሚለው ቃል የገበሬው ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያስብ የሚመልሰው ቃል ነው። ዋጠው። መወርወሪያውን ገፋና፣ «የእግዜር እንግዳ ከሆንክ እኔ ቤት ና፣ እኔ እያየሁህ ትበላለህ። ይሄ ቤት ግን ተዘግቷል» አለው።

ሰውዬው የገበሬውን ቤት አልፈለገውም። «እንግዳ ገፊ» ብሎ ተሳድቦ ወደሚቀጥለው ጎጆ ሄደ፤ እሱም ተዘግቷል። የሚቀጥለውም።

ወሬው ገበያ ደረሰ። «ያ ባለጠጋ በር ዘጋ አሉ።» «እንግዳ ገፊ ሆነ አሉ።» ገበሬውን ያን ሰሞን ሆዱን አገላበጠው፣ ራሱን አዞረው፤ ቅዠትም ያዘው። ሰንበትበት ሲል ለቀቀው። ለመደው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይወረውራል፣ ይመለሳል። ሥራው ይኸው ነው።

ውስጥ የነበሩት ሌቦች የያዙትን ቤት ጨርሰው ሲወጡ የሚገቡበት አጡ። መንገድ ላይ ውለው መንገድ ላይ አደሩ፤ ብርድና ርሀብ ጨረሳቸው። ከገበሬው ማሳ ተሻግረው የጎረቤትን ማሳ የሚያጠቁም ጠፉ፤ ቤት ያላገኘ ሌባ ወገን አያፈራም። በተዘጋው በር ውስጥ የገባው አዲስ ጯሂ አደረ፣ ከረመ፣ ወፈረ። አንድ ማማ ላይ ድምፅ ተሰማ፣ ሌላው ተቀበለው። አንድ ጠዋት ገበሬው ገንፎውን ሊቆርስ ሲል፣ «ከርከሮ በወንዙ በኩል፣ እናቲቱ ከፊት» የሚል ሰማ። ማንኪያውን አስቀምጦ ጆሮውን አቀና። ጥሪው ማሳውን ዞረ። ከዚያ የወይራ ዱላ ሲያርፍ ተሰማ። ከዱላ ያዦቹ አንዳንዱ ክንዱ እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ቢሆንም ከርከሮዋ ለማጣራት አልቆየችም።

እዚህ ላይ ባቆምልሽ ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን ሰው ነው። ምርት ከገባ በኋላ ገበሬው የወንድሙን ልጅ ለመዳር ሌላ አገር ሄደ። ሲሄድ፣ «ማሳዬ ደህና ነው፣ ጯሂዎቼ በዝተዋል፤ ምን ይሆናል?» አለ። በሮቹ ሳይዘጉ ሰነበቱ። ያ ቆጥ ላይ የተኛው፣ ያ ሁሉ ዓመት ያልበላው፣ ዓይኑን ገለጠ። ወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ገበታ ቀረበ። በሳምንቱ ወንድም አፍርቷል። ደግነቱ ጯሂዎቹ ብዙ ነበሩና ጠሩ። ሚስቱም ሰው ላከችበት፤ ገበሬው ሰርጉን ትቶ፣ ሙሽራው እየተቆጣው፣ የሰርግ ልብሱን እንደለበሰ ሮጦ መጣና መወርወሪያዎቹን ወረወረ። ደርሶበታል፤ ቢቆይ ኖሮ አይደርስበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሄድበት ካለ የሚዘጋለት ሰው ሳያቆም ከደጁ አይወጣም።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዞረው?» ብለው ጠየቁት።

«ማሽላ እስከምበላ ድረስ» አለ። ልጆቹን በዚያ ማሽላ አሳደገ፣ ዳረ፣ የልጅ ልጅም አየ።

እንግዲህ ወዳንቺ ልምጣ፣ ትርንጎ። ማሳው አንቺ ነሽ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለስሜ ያህል ነው፤ የጤና ጣቢያዋን ሲስተር ግን እስክትሰለቸኝ ድረስ ጠይቄያታለሁ፣ እሷም ሳትሰለች መልሳልኛለች። ጯሂዎቹ ያቺ ካንቺ ደም ቀድታ «ሲዲ ፎር» እያለች የምትለካቸው ናቸው። ዱላ ያዦቹም አሉ፤ ሁለቱም ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቫይረሱ የሚገባው ከሁሉ ይልቅ ጠሪዎቹ ቤት ነው፤ በሩ ለእሱ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል፣ እዚያው ይራባል፣ ገድሎ ይወጣል። ዱላ ያዦቹ መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርገው ይወቅጡታል። ያን ጊዜ ነው ያ ጉንፋን የመሰለሽ ትኩሳት የያዘሽ። ከዚያ ኩታውን ይቀያይርባቸዋል፤ እነሱም ያለ ጠሪ፣ ያለ እረፍት ሲሮጡ ይዝላሉ። በመጨረሻም ከርከሮው ይገባል። ቲቢው፣ የሳንባው ምች፣ አፍ የሚያቆስለው፣ ሌላ ሰው ላይ ቢመጣ ተመትቶ የሚመለሰው ሁሉ።

«እኔ እኮ ምንም አላመመኝም» ትያለሽ። ሰውዬውስ ሙክት ሲያርድ ምን አሞት ነበር? አሁን ያለሽበት ጤና የዚያ ሙክት ጊዜ ጤና ነው። መድኃኒቱ ዱላ አይደለም፤ መወርወሪያ ነው። ጯሂዎችሽ ራሳቸው አይዘጉትም፤ የምትዘጊው አንቺ ነሽ፣ በየቀኑ። እንደ ሰውዬው መጀመሪያ ሰሞን ሆድሽን ቢያገላብጠው፣ ራስሽን ቢያዞረው፣ ሰንበትበት ሲል ይለቅሻል። ስትዘጊው ይበዛሉ፣ ዱላ ያዦቹም አቅማቸውን ያገኛሉ። ቫይረሱ የደም መመርመሪያው መሣሪያ ሊያገኘው እስከማይችል ድረስ ዝቅ ብሎ ከቆየ ደግሞ፣ ለምታገቢው ሰው በመኝታ አያልፍም ብለዋል ሐኪሞቹ። ልጅም በክትትል ጤናማ ትወልጃለሽ።

ያን ጊዜ ትርንጎ ቀና አለች። «ቆጥ ላይ ያለውስ? አይወጣም?»

«እስካሁን እሱን አውርዶ የሚያስወጣ አልተገኘም። ይፈልጉለታል። እስኪገኝለት እዚያው ይተኛ፤ ያንቺ ሥራ እንዳይወርድ ማድረግ ነው።»

ብልቃጡን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። አገላበጠችው፣ ክዳኑን ነካ አድርጋ ተወችው። «ሰው ስውጥ ቢያየኝስ፣ እትዬ? ስም ያወጡልኛል።»

«ለሰውዬውም አውጥተውለታል፤ እንግዳ ገፊ ብለውታል» አልኳት። «ያን ስም ካወጡለት ሰዎች መሐል ግን አንድም ከርከሮ ሊያባርርለት የመጣ የለም።»

ሳቀች። ክዳኑም ተከፈተ። እኔም ውኃ ልቀዳላት ተነሳሁ።